የመንዝ የገብስ አረቄና የፈረንሳይ የወይን አረቄ፤ እህሉ፥ ማገዶውና ጥቅሙ በሒሳብ ሲታዩ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ገብስ የማይገባበት ጉዳይ የለም። እንጀራው፥ በሶው፥ ቆሎውና ጠላው ከዚሁ ገብስ ነው። ውርጭ ሌላውን ሰብል በሚመታበት አምባ ላይ ቤተሰብን ከዘመን ዘመን የሚያሻግረው እሱ መሆኑን የአካባቢው ገበሬ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ይኸው ገብስ ከጎተራ ወጥቶ ገበያ የሚደርስበት አንድ ሌላ መንገድም አለው፤ እሱም አረቄ ነው።

ስለ አረቄ ሲነሳ በየስብሰባው ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ ወገን እህል ይፈጃል፥ ዛፍ ያስጨርሳል፥ ሰው ያበላሻል፤ ስለዚህ ፈጽሞ መቅረት አለበት ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ የብዙ እናቶች መተዳደሪያ ነውና አትንኩት ይላል። የሁለቱም አባባል እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል፤ ሒሳብ። ስንት እህል ገባ፥ ስንት ሸክም እንጨት ነደደ፥ ስንት ሊትር ወጣ፥ ለማን ምን ተረፈ ብሎ የሚጽፍ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጠጥን ማወደስ አይደለም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ውሳኔ ለማድረግ ሲነሱ ሥራውን ከሥሩ እንዲያውቁት ለመርዳት ነው። ለማነጻጸሪያም ከባሕር ማዶ፥ በገበሬ እጅ ተጀምሮ ዛሬ በዓለም የታወቀውን የፈረንሳይ የወይን አረቄ እናያለን።

አረቄ እንዴት ይወጣል?

ሥራው በጥንስስ ይጀመራል። የደረቀ የጌሾ ቅጠል ተወቅጦ ከብቅል ዱቄት ጋር በውሃ ይበጠበጥና ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ብቅል ማለት ገብሱ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ የደረቀው ነው። ገብሱ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ኃይል የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን እየበላ አልኮል ያደርገዋል። ብቅል ካልኖረ እርሾው የሚበላው አያገኝም። ጌሾው መራራ ጣዕም ከመስጠቱም በላይ ድፍድፉን የሚያበላሹ ተሐዋስያን እንዳይበረቱ ያግዛል። ጌሾ ውርጭ ከሚበረታበት አምባ ይልቅ ወይና ደጋውን የሚወድ ተክል ነው።

ጥንስሱ ሲደርስ ዱቄቱ ቂጣ ተደርጎ ይጋገርና ተቆራርሶ ይጨመርበታል። ይህ ድፍድፍ ይባላል። ድፍድፉ እንደ አየሩ ሁኔታ ለቀናት ከፈላ በኋላ ወደ ማውጫው ዕቃ ይገለበጣል። አፉ ይከደንና ከላዩ መቃ ይገጠምለታል፤ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ እንፋሎት እንዳያሾልክ በሊጥ ወይም በእበት ይመረጋል። ከሥሩ እሳት ይነዳል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን እንፋሎቱ በመቃው በኩል ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ዕቃ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ብቻ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ የአልኮሉ መጠን በአማካይ ከ100 እጅ 35 ያህል ነው። ተራው አረቄ እንደገና ተመልሶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል፤ እሱም ከ100 እጅ 45 አካባቢ ይደርሳል። በየቤቱ ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው።

የፈረንሳዩ ዘመድ

በፈረንሳይ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ጋስኮኝ የሚባል የገበሬ አገር አለ። እዚያ የሚወጣው የወይን አረቄ አርማኛክ ይባላል። ከእሱ ሰሜን በሻራንት ወንዝ አካባቢ የሚወጣው ደግሞ በአገራችን ከተሞችም ስሙ የሚታወቀው ኮኛክ ነው። ሁለቱም የሚወጡት ከነጭ ወይን ጠጅ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ወይን ጠጅ ለመጠጥ የሚያስደስት ዓይነት አይደለም፤ አልኮሉ ዝቅተኛ፥ ኮምጣጣነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ዩኒ ብላንክ፥ ፎል ብላንሽ፥ ኮሎምባርና ባኮ የሚባሉ የወይን ዘሮች ይመረጡለታል።

የሁለቱ አወጣጥ ከእኛው ተራና ዳግም ጋር የሚመሳሰል መሆኑ ያስገርማል። ኮኛክ በመዳብ ማሰሮ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በመጀመሪያው ከ100 እጅ 30 ያህል፥ በሁለተኛው 70 ያህል አልኮል ይኖረዋል። አርማኛክ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፥ ሳያቋርጥ በሚሠራ ረጅም የመዳብ ማውጫ ያልፋል፤ ሲወጣም ከ100 እጅ ከ52 እስከ 60 ባለው መጠን ላይ መሆኑ የተለመደ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በመውጣቱ የወይኑን ጠረን ይበልጥ ይዞ ይቀራል። ጠጪዎቹ ሸካራ ግን ባለጠባይ ነው የሚሉት ስለዚህ ነው።

ማውጫ መግዛት ለእያንዳንዱ ገበሬ ከአቅም በላይ ስለነበረ በጋስኮኝ ተንቀሳቃሽ ማውጫ ተለመደ። ባለሙያው ማውጫውን በጋሪ ላይ ጭኖ በክረምታቸው ወራት ከገበሬ ወደ ገበሬ ይዞር ነበር። ገበሬው ወይን ጠጁንና ማገዶውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ባለሙያው ሌሊትና ቀን እየነዳ ያወጣለታል። ይህ አሠራር ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም።

የወጣው አርማኛክ ኦክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። ነጭ ሆኖ የገባው ከእንጨቱ ቀለምና ጠረን እየወሰደ ወደ ወርቅማነት ይለወጣል። ለገበያ ከሚቀርቡት ደረጃዎች ታናሹ ቢያንስ 1 ዓመት፥ ከዚያ ከፍ ያለው 4 ዓመት፥ ከእሱም ከፍ ያለው 10 ዓመት በእንጨት ውስጥ መቆየት አለበት። በየዓመቱ ከ100 እጅ 2 ወይም 3 ያህሉ በእንጨቱ በኩል ተንኖ ይጠፋል፤ ፈረንሳዮች ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ወደ ጠርሙስ ከተገለበጠ በኋላ ግን አርማኛክ አያረጅም፤ በመስታወት ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ያው ነው። በርሜል ያላየው ነጩ ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የራሱ ሕጋዊ ስም ተሰጥቶታል። የእኛው አረቄ ዘመዱ ይኸኛው ነጩ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ስምን ያስገኘው ደንብ ነው

እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የወይን ሥር የሚበላ ፊሎክሴራ የተባለ ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን የወይን እርሻ አጠፋው። የጋስኮኝም ገበሬ ማሳው ወደመበት። ጠፍቶ በነበረበት ጊዜም ሌላ ዓይነት መጠጥ በስሙ ይሸጥ ጀመር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በወጣ ድንጋጌ አርማኛክ ሊባል የሚችለው ከየትኞቹ ቀበሌዎች የሚመጣው እንደሆነ ድንበሩ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ የወይኑ ዘር፥ የማውጫው ዓይነትና አቆያየቱ በሕግ ተደነገገ። ለማውጣት የሚፈቀደው ጊዜ ገደብ አለው፤ ከወይን ለቀማው በኋላ እስከ መጋቢት ወር ማብቂያ ድረስ ብቻ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የጋስኮኝ ገበሬ ዋጋ ያገኘው ብዙ በማውጣቱ አይደለም፤ የሚያወጣውን በመገደቡ፥ አወጣጡን በመጠበቁና ስሙን በጋራ በማስከበሩ ነው።

የመንዝ ሰው ደንብ አውጥቶ የጋራ ሀብትን መጠበቅን ከፈረንሳይ መማር አያስፈልገውም። የጓሳ ሣር በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ሲጠበቅ ኖሯል። መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ በችግር ጊዜ በስምምነት ይከፈታል፤ ደንብ የተላለፈው ይቀጣል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ኋላ ላይ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን አድሶታል። የመንዝ ጓሳ ዛሬ የኅብረተሰብ ጥበቃ ሥፍራ ሆኖ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ በመሆን ይታወቃል። በሣር ላይ የታየው ብልኃት በማገዶና በገብስ ላይ የማይታይበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ የከፋው ወጪ ማገዶ ነው

አንድ ሊትር ውሃን ከበረዶ ቅዝቃዜ አንሥቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚፈጀው ሙቀት፥ ያንኑ ውሃ ፈጽሞ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚፈጀው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። አረቄ ማውጣት እንፋሎት መሥራት ነውና እንጨት የሚበላው ለዚህ ነው። በአርሲ ነገሌ አካባቢ የአረቄ ሥራ በመስፋፋቱ በሙኔሳ ደን ላይ የደረሰው ጫና የታወቀ ነው። በመንዝ አምባ ላይ ግን መጀመሪያውኑ ደን እምብዛም የለም። ስለዚህ የሚነደው ከጓሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ወይም ኩበት ነው። ኩበት በነደደ ቁጥር ማሳው ፍግ ያጣል፤ ማሳው ፍግ ሲያጣ ገብሱ ያንሳል፤ ገብሱ ሲያንስ አረቄውም እንጀራውም ያንሳል። ክበቡ ዞሮ የሚመጣው በዚያው ቤተሰብ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 100 ሊትር ድፍድፍ በደንብ ፈልቶ ከ100 እጅ 6 አልኮል ቢይዝ፥ በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 6 ሊትር ነው። ምንም ሳይባክን ቢወጣ 35 በመቶ የሆነ ተራ አረቄ 17 ሊትር፥ 45 በመቶ የሆነ ዳግም ደግሞ 13 ሊትር ያህል ይገኛል። ድፍድፉ ሳይደርስ በችኮላ ወጥቶ አልኮሉ 4 ብቻ ቢሆንስ? ተራው ወደ 11 ሊትር፥ ዳግሙ ወደ 9 ሊትር ይወርዳል። የፈላው ድፍድፍ ያው 100 ሊትር ነው፤ እንጨቱም ለውጥ የለውም ቢባል ይቻላል። ከምርቱ ግን ሲሶው ጠፍቷል።

ይህ ለመንዝ ደጋ ትልቅ ትምህርት ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ ብርድ እርሾ ቀስ ብሎ ይሠራል። ስለዚህ በቆላ በጥቂት ቀን የሚደርሰው ድፍድፍ በደጋ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ጋኑን ከግድግዳው አርቆ በገለባ መክበብና ከምድጃው አጠገብ ማስቀመጥ ይረዳል። መፍላቱ ሳያቆም ማውጣት ገብስንም እንጨትንም መድፋት ነው። በሌላ በኩል ብርዱ አንድ ጥቅም አለው። የማቀዝቀዣው ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንፋሎቱ ሳያመልጥ ቶሎ ፈሳሽ ይሆናል። መቀበያው ሲሞቅ ውሃውን ሳይለውጡ መቀጠል ግን ይህን ጥቅም ያሳጣል፤ ቤቱ አረቄ አረቄ መሽተት ሲጀምር የሚሸተው ገንዘብ መሆኑን ማወቅ ያሻል።

የአርማኛክ ማውጫ አንድ ብልኃት አለው። እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ገና ያልወጣው ቀዝቃዛ ወይን ጠጅ ነው። ወይን ጠጁ እንፋሎቱን እያቀዘቀዘ ራሱ ይሞቃል፤ ሞቆም ወደ እሳቱ ይወርዳል። በዚህ ዘዴ አንዱ ሙቀት ሁለት ጊዜ ይሠራል። በእኛ ቤት ይህን እንዳለ መቅዳት ባይቻልም መንፈሱን መውሰድ ይቻላል። የማቀዝቀዣው ውሃ ሲሞቅ ከመድፋት ይልቅ ለሚቀጥለው ጥንስስ መበጥበጫ ወይም ለዕቃ ማጠቢያ ማዋል ነው። ከዚህም ጋር በሦስት ድንጋይ ላይ ማውጣት ቀርቶ ማሰሮውን ዙሪያውን በሚያቅፍ የጭቃ ምድጃ ላይ፥ በደረቅና በተፈለጠ እንጨት ማውጣት ማገዶን በግልጽ ይቀንሳል።

የጤናው ጉዳይ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ለጤና ከጉዳት ነጻ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ይህ ለአረቄም ለአርማኛክም እኩል የሚሠራ ነው። እርጉዝ ሴትና ልጅ ጨርሶ ሊቀምሱት አይገባም። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የገበያ ቀን በየአረቄ ቤቱ ደጃፍ ወጣቶች ሲሰበሰቡ የሚያይ መሪ ይህን ማሳወቅ ግዴታው ነው።

ከዚህ ባሻገር በአወጣጥ ጉድለት የሚመጡ አደጋዎች አሉ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያለው፥ መጨረሻ ላይ የሚመጣውም ውሃማና ጠረነ ክፉ ነው። የኮኛክ አውጪዎች ራሱንና ጅራቱን ለይተው መካከሉን፥ ልብ የሚሉትን ብቻ ይወስዳሉ። ይህን ማድረግ ጥቂት ሊትር ቢያጎድልም ጥራቱን ያሻሽላል።

ሜታኖል የሚባለው ዓይን የሚያጠፋ መርዝ በብዛት የሚፈጠረው ከፍራፍሬ ልጣጭና ሥጋ ነው፤ በገብስ አረቄ ውስጥ መጠኑ አነስተኛ ነው። አደጋው የሚመጣው ለመጠጥ ያልተሠራ የፋብሪካ አልኮል በአረቄ ላይ ሲቀላቀል ነው። ከጠጣ በኋላ በማግስቱ ዓይኑ የጨለመበት፥ ያስመለሰውና ትንፋሹ የፈጠነ ሰው ስካር ነው ተብሎ ሳይተው በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። አሮጌ የመኪና ራዲያተር ወይም በእርሳስ የተበየደ ዕቃ ለማውጫ መጠቀምም አይገባም፤ እርሳሱ ወደ መጠጡ እየገባ ቀስ በቀስ ይመርዛል፥ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የመዳብ ዕቃ ጥሩ ነው፤ አረንጓዴ ዝገቱ ግን ከሥራ በፊት ተፈትጎ መታጠብ አለበት። ትኩሱን አረቄ በፕላስቲክ ጀሪካን ከመቀበል በጠርሙስ መቀበል ይመረጣል።

አተላው አይደፋ

ከማውጫው ሥር የሚቀረው አተላ ፕሮቲን የያዘ መኖ ነው። አልኮሉ አብዛኛው ስለወጣ ከገለባ ጋር እየተቀላቀለ ለከብትና ለበግ ይሰጣል። የመንዝ በግ ብርድ የሚችል፥ ጠጉሩም ለባናና ለበርኖስ የሚውል የአካባቢው ልዩ ሀብት ነው። ሳይጎመዝዝ፥ ቀዝቅዞና በልክ የተሰጠ አተላ በበጋ ገለባ ብቻ የሚበላውን በግ ያደልባል። የአረቄን ሒሳብ የሚሠራ ሰው አተላውን ካልቆጠረ ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

የማኅበሩ ድርሻ

አረቄ የምታወጣው በአብዛኛው ሴት ናት። ብዙ ጊዜም ባል የሌላት ወይም መሬቷ ትንሽ የሆነ እናት ናት። የጨው፥ የደብተርና የልብስ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያች ጠርሙስ ነው። ስለዚህ በወንዶች ስብሰባ ብቻ ይቅር ብሎ መወሰን ጎጆዋን ማፍረስ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብሎ መተውም የቀበሌውን ዛፍና ጎተራ አሳልፎ መስጠት ነው። በሁለቱ መካከል መሪዎች ከአውጪዎቹ ጋር ተቀምጠው ሊመክሩባቸው የሚገቡ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፥ ለአንድ ወር ያህል ሒሳብ ይያዝ። የገባው ገብስ፥ ብቅልና ጌሾ፥ የነደደው እንጨት ወይም ኩበት፥ የወጣው ሊትርና የተሸጠበት ዋጋ ይጻፍ። የራስ እንጨትና ኩበት ነጻ ተብሎ አይታለፍ፤ በገበያ ዋጋው ይቆጠር። ብዙዎች ትርፍ የመሰላቸው የማገዶአቸው ዋጋ ሆኖ ያገኙታል።

ሁለተኛ፥ ዘርና የቤት ቀለብ ሳይለይ ገብስ ወደ ጋን እንዳይገባ ደንብ ይውጣ። በልግ በከሸፈበት ዓመት ይህ ደንብ ይበልጥ ይጥበቅ። ፈረንሳዮች የማውጫ ጊዜ እንደወሰኑ ሁሉ፥ ማኅበሩም የማይወጣባቸውን ወራት ሊወስን ይችላል።

ሦስተኛ፥ የሚያወጣ ሁሉ ለሚያነደው የሚተካ ዛፍ ይትከል።

አራተኛ፥ በየቤቱ ስምንትና አሥር ምድጃ ከሚነድ፥ የሚስማሙ አውጪዎች በአንድ የተሻሻለ ምድጃ በተራ ያውጡ። የጋስኮኝ ገበሬ በተንቀሳቃሽ ማውጫ ያደረገው ይህንኑ ነው። በመስታወት የተሠራ አንድ የአልኮል መለኪያ በጋራ ቢገዛም ይጠቅማል፤ እሳት ያዘ አልያዘም የሚለው ፈተና ትክክለኛውን መጠን አይነግርም።

አምስተኛ፥ አረቄ ለገበያ በስም ለማቅረብ የሚያስብ ቡድን ካለ አስቀድሞ የፈቃድ፥ የግብርና የጥራት ደረጃ ደንቦችን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ከዚህም ጋር ብቅሉን፥ የተፈጨውን ጌሾና የደለበውን በግ በመሸጥ ያለ አረቄ የሚገኘው ገቢ ስንት እንደሆነ ያነጻጽር። ብቅል ማገዶ አይበላም፤ ገዢም አያጣም።

የጋስኮኝ ገበሬ ለአሥር ዓመት በርሜል ዘግቶ መጠበቅ የቻለው ሌላ ገቢና ብድር ስላለው ነው። በሰኔ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት የመንዝ ገበሬ ያን ያህል ሊጠብቅ አይችልም፤ እንዲጠብቅም አይመከርም። የሚወሰደው ትምህርት በርሜሉ አይደለም። ድፍድፉ እስኪደርስ መታገሥ፥ የነደደውን እንጨት መቁጠር፥ ክፉውን ከደኅናው መለየትና በጋራ ደንብ መገዛት ነው። ይህ ከተደረገ ከዚያው ገብስ ብዙ፥ ከዚያው ማገዶ ያነሰ ይበቃል። ሒሳቡ ተሠርቶ አያዋጣም የሚል ከሆነ ደግሞ አውጪዎቹ ራሳቸው አይተውት የሚተዉት ሥራ ይሆናል፤ ያኔ ማኅበሩ የሚጠበቅበት መከልከል ሳይሆን በምትኩ የሚያኖራቸውን ሥራ አብሮ መፈለግ ነው።